በውሃ የሚጠፋ ጭረት

የባሮ ወንዝ በበጋ ሲጎድል፣ ጋምቤላ ከተማ ከድልድዩ ግርጌ ያለው አሸዋ ሜዳ ያህል ይሰፋል። መጋቢት ላይ እዚያ አሸዋ ላይ አንዲት ሰማያዊ የፋይበርግላስ ሞተር ጀልባ ተጎትታ ወጥታ አገኘኋት። ከአፍንጫዋ ጀምሮ እስከ ወገቧ ድረስ በኖራ የተሰመረ የሚመስል ነጭ ጭረት ሄዶባታል። ዘዋሪዋ ወጣት ነው፤ ነገሩንም ቆርጦ ጨርሶታል፦ «ቀለሙ ተልጧል ጋሼ። ሰማያዊ ቀለም ከአዲስ አበባ አዝዣለሁ፤ ሲመጣ ቀብቼ እገላገላለሁ።»

አውራ ጣቴን ውሃ ያለበት ጄሪካን ውስጥ ነክሬ ጭረቱ ላይ አሳለፍኩት። ጣቴ በሄደበት ሁሉ ነጩ መስመር ጠፋ፤ የቀረው ሰማያዊ ብቻ ነው። ልጁ ጎንበስ ብሎ ጀልባዋን አየ፣ ቀና ብሎ እኔን አየ። የጋምቤላ መጋቢት 40 ዲግሪን የሚዳፈር ነውና ውሃው ብዙም ሳይቆይ ተነነ፤ ጭረቱም ተመልሶ ቦታው ላይ ተጋደመ።

ቀለሙ የትም አልሄደም ነበር። ነጩ ነገር ብርሃን ነው።

የፋይበርግላስ ጀልባ ቀለም እንደ ግድግዳ ቀለም ከላይ የተለቀለቀ አይደለም። ጄልኮት በሚባል፣ ውፍረቱ ግማሽ ሚሊ ሜትር ገደማ በሆነ የሬዚን ሽፋን ውስጥ የተበተነ ዱቄት ነው። ጀልባዋ ስትሠራ ጄልኮቱ ቅድሚያ ቅርጽ ማውጫው ላይ ይረጫል፤ የመስታወቱ ክርና ሬዚኑ ከኋላው ይደረባል። ስለዚህ የምናየው ሰማያዊ ከሽፋኑ ሆድ የሚመጣ ነው፦ ብርሃን ይገባል፣ ከዱቄቱ ጋር ይገናኛል፣ ሰማያዊ ሆኖ ይወጣል። ሆኖም ከአየር ወደ ሬዚን ከሚሻገረው ብርሃን ሁልጊዜ ጥቂቱ፣ በቀጥታ ሲያርፍ 4.6 በመቶ ያህሉ፣ ሳይገባ ከደጃፉ ይመለሳል። ገጹ ለስላሳ ከሆነ ይህ ተመላሽ ብርሃን በአንድ አቅጣጫ ስለሚሄድ «ታብረቀርቃለች» እንላለን። አሸዋ የፋቀው ገጽ ግን በጥቃቅን ሸለቆና ጉብታ የተሞላ ነው፤ ያው ብርሃን በየአቅጣጫው ይበተናል። ሁሉም የብርሃን ቀለማት አንድ ላይ ሲበተኑ ደግሞ ዓይናችን ነጭ ያያል። የተፈጨ ጠርሙስ፣ የደቀቀ ጨው፣ የባሮ አረፋ ነጭ የሚሆኑት በዚሁ ምክንያት ነው።

ውሃው ምን አደረገ? ብርሃን የሚመለሰው ሁለቱ ነገሮች ብርሃንን በሚያዘገዩበት መጠን ሲራራቁ ነው። አየር 1፣ ውሃ 1.33፣ ሬዚኑ 1.55 አካባቢ ናቸው። ውሃ ሸለቆዎቹን ሲሞላ ሬዚኑ ጎረቤቱ አየር መሆኑ ቀርቶ ውሃ ይሆናል፤ ተመላሹ ከ4.6 በመቶ ወደ 0.6 በመቶ ይወርዳል። ከስምንት እጅ ሰባቱ የነጩ ምንጭ ደረቀ ማለት ነው። ሰም የሚሠራውም ይህንኑ ነው፤ ልዩነቱ ቶሎ አለመትነኑ ነው።

እኔ ከዚህ የማወጣው ትልቁ ቁም ነገር፣ ቀለም ከማዘዝ በፊት ጣት ማርጠብ ይቀድማል የሚል ነው። ጭረቱ ሲረጥብ ሙሉ በሙሉ ከጠፋ ጉዳቱ የገጽ ነው፤ መሞላት ሳይሆን መለስለስ ነው የሚያሻው። ሲረጥብ ከደበዘዘ ግን ጥፍር የሚይዝ ጠርዝ ከቀረ፣ ጄልኮቱ ተቦርቡሯልና መሞላት አለበት። ረጥቦም ነጭ ወይም ቢጫማ ፀጉር የመሰለ ነገር ከታየ፣ ያ የመስታወቱ ክር ነው፤ ውሃ በክሩ ላይ እየተሳበ ወደ ውስጥ ስለሚገባ ቀዳዳው ሳይደርቅና ሳይደፈን ጀልባዋ ወንዝ መግባት የለባትም። የልጁ ጀልባ በአብዛኛው ከመጀመሪያው ዓይነት ሆና ተገኘች፤ መሀሏ ላይ ብቻ ክንድ የሚያህል ቦታ ጥፍር ይዟል።

ጥፋተኛው እግራችን ሥር ነው። ባሮ ከኢሉባቦር ተራሮች አጥቦ የሚያመጣው አሸዋ ውስጥ ኳርትዝ አለ። በማዕድናት የጥንካሬ መለኪያ ኳርትዝ 7 ነው፤ ተራ ቢላዋ እንኳ ከ5 እስከ 6 ነው። የሬዚን ሽፋን ከሁለቱም በጣም ይለሰልሳል። ጀልባ በአሸዋ ላይ በጎተቱ ቁጥር በብርጭቆ ወረቀት እንደ መፈተግ ነው። ወንዙ በክረምት ሞልቶ በበጋ ስለሚሸሽ ደግሞ መጎተት አይቀርም።

ይህ የውሃ መዋዠቅ የከተማዋን ታሪክም የሠራ ነው። ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. አጼ ምኒልክ ከእንግሊዝ ጋር በተፈራረሙት ውል ላይ፣ ኢታንግ አካባቢ በባሮ ዳር ከ400 ሄክታር የማይበልጥ፣ የወንዝ ዳር ርዝመቱም ከ2,000 ሜትር የማያልፍ መሬት ለሱዳን መንግሥት ለንግድ ጣቢያ እንዲከራይ ተስማምተው ነበር። ጣቢያው ጋምቤላ ላይ ተቆረቆረ። ውሃው በሚሞላባቸው ወራት የእንፋሎት መርከቦች ከካርቱም በነጭ ዓባይና በሶባት አድርገው እዚህ ድረስ ይደርሱ፣ የምዕራብ ኢትዮጵያን ቡና ጭነው ይወርዱ ነበር። ሱዳን ነጻ ስትወጣ፣ በ1948 ዓ.ም.፣ ኪራዩ አበቃ። የእነዚያ የብረት መርከቦች ጭረት ሌላ በሽታ ነበረው። ብረት ሲዝግ ዝገቱ ከበላው ብረት ይልቅ ብዙ ቦታ ይይዛል፤ ስለዚህ አጠገቡ ያለውን ጤነኛ ቀለም ከሥር እያነሳ ይሰፋል። የላሜራ ጀልባ ያለው ሰው ጭረቱን ብቻ ሳይሆን ዙሪያውን እስከ ጤነኛው ጠርዝ ፍቆ፣ ብረቱን አጋልጦ፣ ጸረ ዝገቱን መጀመሪያ መቀባት አለበት። ብዙ ጊዜ ከሥር የሚቀባው ያ ቀይ ቀለም ቅላቱን የሚያገኘው ከብረት ኦክሳይድ ነው፤ ይኸውም የዝገት የቅርብ ዘመድ መሆኑ ያስቀኛል። ከአንድ ግንድ የሚፈለፈለው የአኝዋ ታንኳ ከዚህ ሁሉ ጣጣ ነጻ ነው፤ ቀለም የለው፣ የሚላጥ የለው።

ወደ ሰማያዊዋ ልመለስ። አሸዋ አንዱ ጠላት ነው፤ ሌላው ከላይ ነው። ጋምቤላ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 8 ዲግሪ አካባቢ ስለምትገኝ፣ ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በሚያዝያ መጀመሪያና በነሐሴ መጨረሻ ገደማ፣ በእኩለ ቀን በቀጥታ አናት ላይ ትቆማለች። አልትራቫዮሌት ጨረሩ የሬዚኑን ሰንሰለት ይበጣጥሳል፤ ላዩ ዱቄት ይሆናል። ጀልባ የተደገፈ ሰው ልብሱ ላይ ብናኝ የሚቀረው ለዚህ ነው። ይህ ብናኝም ብርሃን በታኝ ነውና ጀልባዋ ሁለመናዋ በጣም ቀጭን ጭረት የለበሰች ያህል ትነጣለች።

የሚገርመው፣ ሰማያዊው ዱቄት ራሱ ብዙ ጊዜ ምንም አልሆነም። ዛሬ ሰማያዊ ቀለም የሚሠራበት ዋነኛው ዱቄት ፍታሎሲያኒን ይባላል፤ የተገኘውም በስንጥቅ ምክንያት ነው። በ1928 እ.ኤ.አ. ስኮትላንድ ውስጥ ግሬንጅማውዝ በሚባል ቦታ አንድ ፋብሪካ ነጭ ኬሚካል ሲያመርት፣ የጋኑ የመስታወት ልባስ ተሰንጥቆ ከሥሩ ያለው ብረት ተጋለጠ፤ ምርቱ ውስጥም ያልተጠበቀ ሰማያዊ ነገር ታየ። ኬሚስቶቹ እንደ ብልሽት ከመድፋት ይልቅ መረመሩት። በብረቱ ፋንታ መዳብ ሲገባበት ደማቅና ፀሐይ የማይበግረው ሰማያዊ ሆነ፤ በ1935 ገበያ ወጣ። እንግዲህ የደበዘዘ ሰማያዊ ጀልባ አብዛኛውን ጊዜ ዱቄቱ አልለቀቀም፤ የሞተ ሬዚን ጋርዶታል እንጂ። ቀይ ግን ይለያል፤ ብዙ ደማቅ ቀያዮች ከእውነት ይለቃሉ፤ ያንን ፖሊሽ አይመልሰውም።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው። መጀመሪያ የጭረቱ ዙሪያ ታጥቦ በማለስለሻ ኮምፓውንድ ተወልውሎ እውነተኛው ሰማያዊ ይውጣ፤ ቀለም የሚመሳሰለው ከዚያ በኋላ ነው። በብናኙ ልክ የተመሳሰለ ቀለም ጀልባዋ በተወለወለች ዕለት እንደ ቁስል ይታያል። ማመሳሰሉ ራሱ ትዕግሥት ይፈልጋል፦ ዱቄቱ በክብሪት እንጨት ጫፍ ጄልኮቱ ውስጥ እየተጨመረ፣ ጠብታው ጀልባዋ ላይ ይደረግና ግልጽ ላስቲክ ተለጥፎበት ይታያል። የት ሆኖ? ልጁ እንደማንኛውም አስተዋይ ሰው ማንጎው ጥላ ሥር ሊቀምም ፈለገ። ነገር ግን በቅጠል መሀል ያለፈ ብርሃን አረንጓዴ የበዛበት ነው፤ እዚያ የገጠመ ሰማያዊ ሜዳ ላይ ሲወጣ አይገጥምም። የአምፖል ብርሃንም እንዲሁ ያታልላል። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ገደማ፣ ገላጣ ቦታ፣ ግን ፀሐይዋ ፊት ለፊት ሳታርፍበት ማየት ይሻላል።

መሙላቱ ግን ጥላ ይፈልጋል። ሬዚኑ የሚጠጥረው ሀርድነር ከ1 እስከ 2 በመቶ ያህል ሲገባበት ነው፤ የኬሚካሉ ሂደት ደግሞ በየ10 ዲግሪው ፍጥነቱን በግምት ያጥፋል። በ25 ዲግሪ አሥራ አምስት ደቂቃ የሚሰጥ ቅልቅል በ40 ዲግሪ አምስት ደቂቃ እንኳ ላይሰጥ ይችላል፤ ፀሐይ የጠጣ ጥቁር ሰማያዊ ጎን ደግሞ ከአየሩም በላይ ይግላል። ሀርድነሩን ከ1 በመቶ በታች ማሳነስ መፍትሔ አይሆንም፤ እስከ መጨረሻው ሳይጠጥር ይቀራል። ማለዳ መሥራት ብቻ ነው። ሌላም ነገር አለ፤ ሬዚኑ ውስጥ ያለው ስታይሪን ከ31 ዲግሪ ገደማ ጀምሮ ተኑ እሳት ሊይዝ ይችላል። ጋምቤላ ቀትር ላይ ከዚያ በላይ ናትና የጀበናው ከሰል ራቅ ይበል። ሀርድነሩም ዓይን ያጠፋል፤ መነጽር ሳያደርጉ ጠርሙሱን መክፈት ጅልነት ነው።

ቅልቅሉ ሲጠጥር ስለሚሰበሰብ ከጎኑ ትንሽ ከፍ ተደርጎ ይሞላል። ከዚያ ፌስታል ይለጠፍበታል። ይህን ከመንገሬ በፊት ልጁ «ክፍቱን ይሻለዋል፣ ንፋስ ያድርቀው» ብሎ ነበር። ንፋስ የታጠበ ልብስ ያደርቃል፤ ጄልኮትን ግን ያበላሻል። የሬዚኑ ሞለኪውሎች እጅ ለእጅ እየተያያዙ ረጅም ሰንሰለት ሲሠሩ፣ ኦክስጅን መሀል ይገባና የተዘረጋውን እጅ ይይዛል፤ ሰንሰለቱ እዚያው ይቋረጣል፤ ላዩ እንደ ሙጫ ተጣብቆ ይቀራል። ፌስታሉ አየሩን ይከለክላል።

ሲጠጥር ፍተጋው ይቀጥላል፦ ጠፍጣፋ እንጨት ላይ የተጠቀለለ የውሃ ብርጭቆ ወረቀት፣ ከ400 ተነስቶ በ600 እና በ1,000 አልፎ እስከ 1,500። እያንዳንዱ ወረቀት ሥራው የቀዳሚውን ጭረት በራሱ ደቃቅ ጭረት መተካት ነው፤ ጭረቱ ብርሃንን ለመበተን እስኪያንስ ድረስ። መዝለል ዋጋ የለውም፤ የ400ው ምልክት ፖሊሹ ሥር ተደብቆ ሰሙ በለቀቀ ቀን ይወጣል።

ቀለሙ ከአዲስ አበባ ሲመጣ ልጁ የተጠቀመበት አንድ የሻይ ማንኪያ ቢሞላ ነው። ቀሪው ጣሳ ውስጥ ተከድኖ ከሞተሩ ሣጥን ሥር ተቀምጧል። ጀልባዋን ስንገፋት አሸዋው ላይ ሁለት ግንዶች አጋድመንላት ነበር። የጠገነውን ቦታ ከውሃው በላይ ባለው በኩል፣ ከጎን ሳየው፣ በትንሹ ይለያል። ከውሃው በታች የገባውን ጫፍ ግን ፈልጌ አላገኘሁትም።