ታስራ የምትቀለብ ላም ሰኮናዋን ማን ይሞርድላት?

በሆሳዕና፣ በሾኔ፣ በዱራሜ ወይም በሺንሺቾ አንድ ሁለት ዲቃላ ላም ይዞ ወተት የሚሸጥ ሰው ስለ ከብቱ ሲያወጋ የሚያነሳው መኖና ጡት ነው። ሰኮና የሚታወሰው ላሟ ማነከስ ስትጀምር ነው። ያኔ ግን ችግሩ ከተጠነሰሰ ወራት ሊያልፉት ይችላሉ።

ለምን ይረዝማል?

የሰኮና ግድግዳ በወር 5 ሚሊሜትር ያህል ያድጋል። ዳገት ቁልቁለት ስትል የምትውል ላም ያደገውን መሬቱ ይሞርድላታል። በከተማ ግቢ ታስራ የምትቀለበዋ ግን ከግንዱ እስከ ገንዳው ካልሆነ አትራመድም። ጫፉ ይረዝማል፣ ወደ ላይ ይቀለበሳል፣ ክብደቷም ወደ ተረከዟ ይሸሻል። ከሁሉ የሚጎዳው የኋላ እግር የውጭ ጣት ነው። ከውስጠኛው ይልቅ ሸክም ስለሚበዛበት አጥንቱ ከሥሩ ያለውን ሥጋ ይጫነዋል፤ መርገጫውም ይቆስላል።

ፍግና ጭቃ

በሀዲያና በከምባታ ገጠር ማለዳ ፍግ ተዝቆ ወደ እንሰት ጓሮ ይወሰዳል። ሥራው ለእንሰቱ ተብሎ ቢሆንም የከብቷን መቆሚያም ያደርቃል። ከተማ ውስጥ ጓሮ ስለሚጠብብ ፍጉ ከሽንቱ ጋር በረት ውስጥ ይከማቻል። በዚያ ላይ የቆመ ሰኮና ይላላል፤ በሁለቱ ጣቶች መካከል ያለው ቆዳ ይሰነጠቅና ጀርም ይገባበታል። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ይብሳል። መፍትሔው በየቀኑ መዛቅ፣ ለሽንት ማፍሰሻ ቦይ መቅደድና ደረቅ ጉዝጓዝ ማንጠፍ ነው። ላም በቀን 12 ሰዓት ያህል መተኛት ትሻለች። ባዶ ሲሚንቶ ግን ስለማይመቻት ቆማ ትውላለች።

ከመኖ የሚመጣ ሕመም

ላም እንደወለደች ወተት እንዲበዛ ተብሎ ፉርሽካውና ፋጉሎው በአንዴ ይጨመርላታል። ሣርና ድርቆሽ ሳይበቃት ይህ ሲበዛ ጨጓራዋ ውስጥ አሲድ ይበረታል። ጉዳቱ ሰኮናውን እስከሚመግቡት የደም ሥሮች ይደርሳል፤ አዲስ የሚበቅለው ሰኮናም ደካማ ይሆናል። መርገጫው ታድሶ እስኪያልቅ ሁለት ሦስት ወር ስለሚወስድ፣ ዛሬ የታየው ቁስል መነሻው በወሊድ ሰሞን የተሰጣት መኖ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ድርቆሹ ይቅደም፣ ፉርሽካውም በቀናት ውስጥ ቀስ በቀስ ይጨመር።

ቀድሞ የሚታይ ምልክት

ላሟን በደልዳላ መሬት ላይ አስኪዶ ጀርባዋን መመልከት ይበጃል። ጤነኛ ላም ስትቆምም ስትራመድም ጀርባዋ ቀጥ ያለ ነው። ስትቆም ቀጥ ብሎ ስትራመድ ከጎበጠ ሕመሙ ጀምሯል። ቆማም ከጎበጠች ቆይቷል ማለት ነው። እግር እያቀያየረች መቆም፣ አብዝቶ መተኛትና የወተት መቀነስም ይከተላሉ። ኮርማ ስትፈልግ ምልክቱን በደንብ ስለማታሳይ የማዳቀያ ጊዜዋም ያልፋል።

አንድ ጥንቃቄ፦ ማነከሱ ከለሃጭና ከአፍ ቁስል ጋር ከመጣ፣ ወይም ብዙ ከብቶችን በአንድ ጊዜ ከያዘ፣ አፍተ ግር ሊሆን ይችላል። ከብቱን ለይቶ ባለሙያ መጥራት እንጂ ወደ ገበያ መንዳት አይገባም።

አከረካከሙ

በዓመት ሁለት ጊዜ መከርከም ይመከራል፦ አንዴ ወተት ስታቆም፣ ማለትም ከመውለዷ ሁለት ወር ገደማ በፊት፤ ሌላው ከወለደች ከሦስት አራት ወር በኋላ። ለመውለድ ቀናት የቀሯትን ላም ግን ማስጨነቅ አይገባም።

ባለሙያው ላሟን ክራሽ (ከብት እንዳይንቀሳቀስ የሚይዝ ማቆሚያ) ውስጥ አስገብቶ እግሯን በገመድ ያነሳል። ከኋላ እግር የሚጀምረው በውስጠኛው ጣት ነው። ለትልልቅ የሆልስታይን ዲቃላዎች ከፀጉሩ ሥር፣ ጠንካራው ሰኮና ከሚጀምርበት እስከ ጫፉ፣ በፊት ለፊት በኩል 7.5 ሴንቲሜትር ያህል ያስቀራል፤ ለትናንሾቹ የአገር ውስጥ ላሞች ልኩ ይለያል። ትርፉን በጉጠት ይቆርጣል፣ መርገጫውን በሰኮና ቢላ ያስተካክላል፣ የውጭውንም ጣት ከውስጠኛው ጋር እኩል ያደርጋል። መርገጫው በአውራ ጣት ሲጫኑት ከሰረጎደ ወይም ሮዝ ቀለም ካሳየ ማቆም ግድ ነው። ከዚያ ካለፈ ሥጋው ይነካል፣ ላሟም ጤነኛ ሆና ገብታ አንክሳ ትወጣለች። ማጭድና መጥረቢያ ለዚህ ሥራ አይሆኑም።

የቆሰለ ጣት ካለ ባለሙያው ጤነኛው ጣት ሥር እንደ ጫማ ታኮ ያለ እንጨት ይለጥፋል። ሸክሙ ወደዚያ ሲዞር ቁስሉ ያርፋል።

አንድ ላም ብቻ ላለው ሰው ባለሙያ ማስመጣት ውድ ሊመስለው ይችላል። አምስት ስድስት ጎረቤት ተስማምቶ ከጠንካራ እንጨት አንድ ክራሽ ቢሠራና ቀን ቆርጦ ቢጠራ ግን ወጪው ይከፋፈላል። ቀጠሮውን የክትባትና የማዳቀያ ቀን ከሚጻፍበት ደብተር ላይ ማስፈር፣ ላሟ እስክታነክስ ከመጠበቅ ያድናል።