ከልብ ቀዶ ሕክምና በኋላ ቀደም ብሎ መንቀሳቀስ፤ ከሆስፒታል አልጋ እስከ ጠዳ ቀበሌ

የልብ ቀዶ ሕክምና የተደረገለት ሰው ወደ ቤቱ ሲመለስ ቤተሰቡም ጎረቤቱም የሚመክሩት አንድ ነገር ነው፤ ተኛ፣ አትነሣ፣ ራስህን አታድክም ይሉታል። ምክሩ የሚመነጨው ከፍቅርና ከሥጋት ነው። ይሁን እንጂ በሕክምናው ዓለም ባለፉት 70 ዓመታት የተከማቸው ልምድ የሚያሳየው የዚህን ተቃራኒ ነው። ሁኔታው የተረጋጋ ተካሚ በተቻለ ፍጥነት ከአልጋው ተነሥቶ በደረጃ መንቀሳቀስ ካልጀመረ፣ በብዙ ድካምና ወጪ የተገኘው የቀዶ ሕክምና ውጤት ሙሉ ጥቅሙን ሳይሰጥ ይቀራል።

ጉዳዩ ከጎንደር ከተማ በስተደቡብ፣ በአዘዞ በኩል ወደ ማክሰኝት በሚወስደው መንገድ ላይ ለምትገኘው ጠዳና ለአካባቢዋ ነዋሪዎች ልዩ ትርጉም አለው። ከዚህ አካባቢ ለልብ ቀዶ ሕክምና ወደ አዲስ አበባ የሚላክ ታካሚ በየብስ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ይጓዛል። ሆስፒታል የሚቆየው ግን ለተወሰኑ ቀናት ወይም ሳምንታት ብቻ ነው። የቀሩት የማገገሚያ ወራት የሚያልፉት በመኖሪያ ቀበሌው፣ በቤተሰቡ መካከልና በአቅራቢያው ባለው ጤና ጣቢያ ክትትል ሥር ነው።

በኢትዮጵያ ለልብ ቀዶ ሕክምና ከሚዳርጉ ችግሮች መካከል ዋነኞቹ ሁለት ናቸው። አንደኛው ሕፃናት ይዘውት የሚወለዱት የልብ ክፍተት ወይም የአሠራር ጉድለት ነው። ሁለተኛው በአግባቡ ካልታከመ የጉሮሮ ሕመም በኋላ የሚከሰተውና የልብ በሮችን ማለትም ቫልቮችን የሚያበላሸው የሩማቲክ የልብ በሽታ ነው። በዚህም ምክንያት በሀገራችን የልብ ቀዶ ሕክምና የሚደረግላቸው ሰዎች በአብዛኛው ሕፃናትና ወጣቶች ናቸው። ከሕክምናው በኋላ ትምህርት ቤት፣ እርሻ፣ ትዳርና ልጅ ማሳደግ ይጠብቃቸዋል።

ሕክምናው በሀገር ውስጥ እንዲሰጥ የተደረገው ጥረት ረጅም ታሪክ አለው። በሕፃናት የልብ ሐኪሙ በዶክተር በላይ አበጋዝ መሥራችነት በ1981 ዓ.ም የተቋቋመው የልብ ሕሙማን ሕፃናት መርጃ ድርጅት ለዓመታት ሕፃናትን ወደ ውጭ ሀገር እየላከ ሲያሳክም ቆይቷል። በ2001 ዓ.ም በአዲስ አበባ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ቅጥር ግቢ የልብ ሕክምና ማዕከል ተከፈተ። ማዕከሉ መጀመሪያ ከውጭ በሚመጡ በጎ ፈቃደኛ ቡድኖች፣ በኋላም ራሳቸውን በቻሉ ኢትዮጵያውያን ባለሙያዎች አገልግሎት ሰጥቷል። ተራ ጠብቀው፣ ብዙ ወጪ አውጥተው ለዚህ ዕድል የበቁ ቤተሰቦች ውጤቱን በቤታቸው እንዳያጡት የተሐድሶ ሕክምናን ምንነት ማወቅ ይገባቸዋል።

ረጅም ዕረፍት ይጠቅማል የሚለው አስተሳሰብ በአንድ ወቅት የሐኪሞችም አቋም ነበር። እስከ ሃያኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ድረስ የልብ ድካም ያጋጠመው ሰው ለስድስት ሳምንታት ያህል ከአልጋው እንዳይነሣ ይታዘዝ ነበር። እ.ኤ.አ በ1952 በአሜሪካ ቦስተን ሳሙኤል ሌቪንና በርናርድ ላውን የተባሉ ሐኪሞች ሕሙማኑን ቀደም ብለው ወንበር ላይ በማስቀመጥ የተሻለ ውጤት ማግኘታቸውን አሳተሙ። እ.ኤ.አ በ1966 በአሜሪካ ዳላስ ከተማ በተደረገ ጥናት ደግሞ አምስት ጤነኛ ወጣቶች ለሦስት ሳምንታት አልጋ ላይ እንዲተኙ ተደረገ። በዚህ አጭር ጊዜ ሰውነታቸው በከባድ እንቅስቃሴ ወቅት ኦክስጅን የመጠቀም አቅሙ ከሩብ በላይ ቀነሰ። ጤነኛ ወጣት በሦስት ሳምንት መኝታ ይህን ያህል ከተዳከመ፣ ከቀዶ ሕክምናው በፊትም ለዓመታት በሕመም የደከመ ሰው የሚደርስበትን ጉዳት መገመት አያዳግትም።

ጉዳቱ በጡንቻ ላይ ብቻ አይወሰንም። በቀዶ ሕክምናው ወቅት ልብ እንዲቆም ሲደረግ ሥራውን የሚተካው ማሽን፣ ማደንዘዣውና የደረት ሕመሙ ተደምረው ተካሚው በጥልቀት እንዳይተነፍስ ያደርጉታል። ተንጋሎ ሲቆይ የሳንባው የታችኛው ክፍል ይጨፈለቃል፤ አክታ ይጠራቀማል፤ የሳንባ ምችም ሊከተል ይችላል። በእግር የደም ሥሮች ውስጥ ደም ሊረጋ ይችላል። የደም ግፊትን የሚያስተካክለው የሰውነት ሥርዓትም ስለሚዘናጋ ተካሚው ብድግ ሲል ያዞረዋል።

በመሆኑም የተሐድሶ ሕክምናው የሚጀምረው ሆስፒታል ውስጥ ነው። ተካሚው ከመተንፈሻ መሣሪያ ተላቆ የደም ግፊቱና የልብ ምቱ ከተረጋጋ አብዛኛውን ጊዜ በማግስቱ አልጋው ጠርዝ ላይ እግሩን አውርዶ እንዲቀመጥ፣ ከዚያም ወንበር ላይ እንዲያርፍ ይደረጋል። ነቅቶ ባለበት ሰዓት ሁሉ ደጋግሞ በጥልቀት ይተነፍሳል፤ ሲያስል ትራስ ደረቱ ላይ አጥብቆ ያቅፋል። በተከታዮቹ ቀናት በክፍሉ ውስጥ፣ ቀጥሎም በኮሪደሩ ይራመዳል፤ ከመውጣቱ በፊትም ደረጃ መውጣትና መውረድ ይለማመዳል። የማስታገሻ መድኃኒቱን በሰዓቱ መውሰድ ለዚህ ይረዳል፤ ሕመም የፈራ ሰው አይተነፍስም፣ አያስልም፣ አይራመድምና። ደም መፍሰሱ ላልቆመ፣ ግፊቱ ለወረደ ወይም አደገኛ የልብ ምት መዛባት ላለበት ተካሚ ግን እንቅስቃሴው እንዲዘገይ ይደረጋል።

ቀደም ብሎ መንቀሳቀስ ማለት መጣደፍ ማለት አለመሆኑን መገንዘብ ያስፈልጋል። ለቀዶ ሕክምናው ለሁለት የተከፈለው የደረት አጥንት በሽቦ ታስሮ እስኪገጥም ድረስ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንታት፣ አንዳንዴም እስከ 12 ሳምንታት ይፈጃል። ስለዚህ እግር ወዲያውኑ ሥራውን ሲጀምር ክንድ ግን ተራውን መጠበቅ ይኖርበታል። በነዚህ ሳምንታት ከአራት ወይም ከአምስት ኪሎ ግራም በላይ የሚመዝን ነገር ማንሣት፣ መግፋትና መጎተት አይመከርም። በገጠሩ ኑሮ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ግልጽ ነው። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ውኃ ሲሞላ 20 ኪሎ ግራም ይመዝናል። እንስራ መሸከም፣ እንጨት መፍለጥ፣ ብዙ ሊጥ ማቡካት፣ ልጅ ማዘል፣ ማረስና መውቃት ሁሉ ለጊዜው የሌላ ሰው ሥራ መሆን አለባቸው። ከመደብ ወይም ከአልጋ ሲነሡም በእጅ ከመመርኮዝ ይልቅ በጎን ተገልብጦ በእግር ኃይል መነሣት ይገባል።

ወደ ቤቱ የተመለሰ ተካሚ በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ ለአምስት ደቂቃ ያህል በሜዳ ላይ በመራመድ ይጀምራል። በየጥቂት ቀናት ደቂቃዎችን እየጨመረ በስድስተኛው ሳምንት ገደማ ወደ 30 ደቂቃ ሊደርስ ይችላል። ከባሕር ጠለል በላይ 2 ሺህ ሜትር ገደማና ከዚያ በላይ ከፍታ ባለው በዚህ አካባቢ ዳገቱ መጨረሻ ላይ የሚመጣ ፈተና ነው። ልኩን ለማወቅ መሣሪያ አያስፈልግም፤ እየተራመደ ከጓደኛው ጋር ማውራት ከቻለ ልኩ ነው። ቃሉን መጨረስ አቅቶት ካለከለከ ግን ፍጥነቱን ይቀንስ።

ጤና ጣቢያዎችም መሻሻሉን በቀላሉ ሊለኩ ይችላሉ። በዓለም ዙሪያ የሚሠራበት የስድስት ደቂቃ የእግር ጉዞ ፈተና የሚፈልገው 30 ሜትር ርዝመት ያለው ደልዳላ ቦታና አንድ ሰዓት ብቻ ነው። ተካሚው በስድስት ደቂቃ የሄደው ርቀት ተመዝግቦ ከቀጣዩ ቀጠሮ ጋር ይነጻጸራል።

ለዚህ የሚሆን የሰው ኃይል መሠረት በአካባቢው አለ። በ1947 ዓ.ም የጤና ባለሙያዎችን ማሠልጠን የጀመረው የጎንደር ኮሌጅ ዛሬ ዩኒቨርሲቲ ሆኖ በፊዚዮቴራፒ በዲግሪ ደረጃ ከሚያሠለጥኑት የሀገሪቱ ተቋማት አንዱ ነው፤ ኅብረተሰብ አቀፍ የተሐድሶ ፕሮግራምም አለው። በጠዳ ደግሞ የጤና ሳይንስ ኮሌጅ ይገኛል። በቀበሌ ደረጃ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ቤት ለቤት ይሄዳሉ። ከአዲስ አበባ የሚሰጠው የመውጫ ወረቀት፣ የተካሚውን የእንቅስቃሴ ደረጃና የተከለከለውን ሥራ በግልጽ ጽፎ እነዚህ ባለሙያዎች እጅ ሲገባ የ700 ኪሎ ሜትሩ ርቀት ይጠባል።

መድኃኒት መውሰድም የተሐድሶው አካል ነው። ከብረት የተሠራ ሰው ሠራሽ ቫልቭ የተገጠመለት ሰው ደም እንዳይረጋ የሚያደርገውን ዋርፋሪን ዕድሜ ልኩን ይወስዳል፤ መጠኑም በየጊዜው በደም ምርመራ ይስተካከላል። ጎመንን የመሳሰሉ ቅጠላ ቅጠሎችን አንድ ሰሞን አብዝቶ ሌላ ጊዜ ፈጽሞ መተው የመድኃኒቱን ኃይል ያዛባል። ያለ ሐኪም ትዕዛዝ አስፕሪን ወይም የባህል መድኃኒት መጨመር ለደም መፍሰስ ይዳርጋል። ልጅ መውለድ የምታስብ ሴት አስቀድማ ሐኪም ማማከር፣ መጾም የሚፈልግ ተካሚም የመድኃኒት ሰዓቱን ከሐኪሙ ጋር መወሰን ይኖርባቸዋል። ሩማቲክ የልብ በሽታ ያለበት ሰው በየሦስት ወይም በየአራት ሳምንቱ የሚሰጠውን የፔኒሲሊን መርፌ፣ ቀዶ ሕክምናው ተደርጎልኛልና በቃኝ ብሎ ማቋረጥ የለበትም።

አንዳንድ ምልክቶች ደግሞ ጊዜ አይሰጡም። ትኩሳት፣ ከቁስሉ የሚወጣ መግል፣ የደረት አጥንት ሲንቀሳቀስ የመንቋቋት ስሜት፣ ተንጋሎ ለመተኛት የሚያስቸግር የትንፋሽ እጥረት፣ የእግር እብጠት፣ ራስን መሳት፣ የማያቋርጥ መድማት፣ የአፍ መጣመም ወይም የአንድ ጎን መስነፍ ከታየ ተካሚውን ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ተቋም መውሰድ ይገባል።

የቀዶ ሐኪሙ ሥራ የተበላሸውን በር መጠገን ወይም መተካት ነው። ዳገቱን የሚወጣው እግር፣ በጥልቀት የሚተነፍሰው ሳንባና ሥራ የሚችለው ክንድ ግን ከዚያ በኋላ በየቀኑ የሚገነቡ ናቸው። ቤተሰብ ለተካሚው ሊያደርግለት ከሚችለው ደግነት ትልቁ ጀሪካኑን ተቀብሎ መሸከም፣ እርሱን ግን አስነሥቶ አብሮት መራመድ ነው።