ለረጅም ጊዜ የተቀመጠ ድሮን ዳሳሾች ካሊብሬሽን

የድሮን ዳሳሾች ካሊብሬሽን ማለት በድሮን (ሰው አልባ በራሪ) ላይ ያሉ የመለኪያ መሣሪያዎች የሚሰጡትን ንባብ ከታወቀ መነሻ ጋር አመሳክሮ ማስተካከል ነው። ለወራት ሳይበር የተቀመጠ ድሮን ሲበራ የኮምፓስ ወይም የሚዛን ዳሳሽ ማስጠንቀቂያ ማሳየቱ የተለመደ ነው። ይህ ሁልጊዜ ዳሳሹ ተበላሽቷል ማለት አይደለም። ሆኖም ካሊብሬሽን የተሰጠውን መነሻ ሁሉ እንደ ትክክለኛ መዝግቦ ስለሚይዝ፣ የችግሩ ምክንያት ሳይወገድ ቢካሄድ ስህተቱን ያጸናዋል። ስለዚህ ሥራው ሦስት ደረጃ አለው፦ ምክንያቱን መለየት፣ ማስተካከል፣ ከዚያም መፈተሽ።

ዳሳሾቹና ሥራቸው

አክስለሮሜትር የስበትን አቅጣጫ በመለካት ድሮኑ ምን ያህል እንዳዘነበለ ያሳውቃል። ጋይሮስኮፕ የመሽከርከር ፍጥነትን ይለካል። ሁለቱ በአንድነት አይኤምዩ ይባላሉ። ማግኔቶሜትር፣ ማለትም ዲጂታል ኮምፓስ፣ የድሮኑ አፍንጫ ወዴት እንደዞረ ያሳያል። ባሮሜትር ከአየር ግፊት ተነስቶ ከፍታን ይገምታል፤ ጂፒኤስ ደግሞ ድሮኑ ያለበትን ቦታ ይሰጣል። የበረራ መቆጣጠሪያው የእነዚህን ንባቦች አጣምሮ ሞተሮቹን ያዛል።

በማከማቻ ጊዜ የሚፈጠሩ ለውጦች

ባትሪ፦ የሊቲየም ፖሊመር ባትሪ ለማከማቻ የሚመከረው መጠን በሴል 3.8 ቮልት ገደማ ነው። ሲሞላ 4.2 ቮልት ይደርሳል፤ ከ3.0 ቮልት በታች ከወረደ ሊጎዳ ይችላል። በደከመ ባትሪ የተጀመረ ካሊብሬሽን መሃል ላይ ሊቋረጥ ይችላል።

ሙቀት፦ የአክስለሮሜትርና የጋይሮስኮፕ ንባብ በሙቀት መጠን ይለዋወጣል። ከቀዝቃዛ መጋዘን ወይም በፀሐይ ከጋለ መኪና የወጣ ድሮን ከአካባቢው አየር ጋር እስኪስማማ ድረስ ንባቡ አይረጋም።

ማግኔት፦ ከድምፅ ማጉያ ወይም ማግኔታዊ መዝጊያ ካለው ቦርሳ አጠገብ የቆየ ድሮን የብረት ብሎኖቹ ማግኔትነት ሊይዙ ይችላሉ። ይህ ትንሽ ማግኔት ከድሮኑ ጋር አብሮ ስለሚዞር የኮምፓሱን ንባብ በቋሚነት ያዛባል።

የሳተላይት መረጃ፦ ጂፒኤስ ተቀባዩ የነበረው የሳተላይቶች መረጃ ያረጃል። ሙሉውን የሳተላይቶች ማውጫ ከሰማይ እንደገና ለመቀበል 12.5 ደቂቃ ይፈጃል። ስለዚህ የመጀመሪያው ቀን መዘግየት ብቻውን የብልሽት ምልክት አይደለም።

የአሠራር ቅደም ተከተል

1. ባትሪው ይታያል። ያበጠ ባትሪ አይሞላም፣ አይበረርበትም። ጤነኛው ባትሪ ሰው በሚከታተለው ቦታ ይሞላል።
2. ፕሮፔለሮቹ ይወልቃሉ። ካሊብሬሽን በሚደረግበት ጊዜ ሞተር በድንገት ቢነሳ ጉዳት እንዳይደርስ ነው።
3. ድሮኑ በአካባቢው ሙቀት እስኪረጋ ይጠበቃል፤ ከዚያ በማይነቃነቅ ቦታ ተቀምጦ ይበራል። ብዙ ድሮኖች ሲበሩ የጋይሮስኮፑን ዜሮ ስለሚወስዱ በእጅ ይዞ ማብራት ራሱ ስህተት ይፈጥራል።
4. ማስጠንቀቂያው ካልጠፋ አይኤምዩው ይስተካከላል። ለምሳሌ በአርዱፓይለት ሶፍትዌር ድሮኑ በስድስት አቀማመጥ ይያዛል፦ ልክ እንደሚበረው፣ በግራ ጎን፣ በቀኝ ጎን፣ አፍንጫው ወደ ታች፣ አፍንጫው ወደ ላይ፣ በጀርባው።
5. በመጨረሻ ኮምፓሱ ይስተካከላል።

በአራተኛው ደረጃ የወለሉ ልክነት ወሳኝ ነው። ጠረጴዛው በ1 ዲግሪ ቢያዘነብል ድሮኑ ያንን ዝንባሌ "ልክ" ብሎ ይመዘግባል። በጂፒኤስ ሳይታገዝ ሲንሳፈፍ ወደ አንድ ጎን በሰከንድ ካሬ 0.17 ሜትር ያህል ይገፋል፤ የአየር መቋቋም ካልታሰበ በ5 ሰከንድ ውስጥ 2 ሜትር ገደማ ይንሸራተታል ማለት ነው።

ባሮሜትር ብዙውን ጊዜ የሚነሳበትን ቦታ ዜሮ ስለሚያደርግ የተለየ ካሊብሬሽን አይፈልግም። ንባቡ ግን ለትንሽ የግፊት ለውጥ ስሱ ነው። የ1 ሄክቶፓስካል ስህተት በባሕር ጠለል 8 ሜትር፣ በአዲስ አበባ ከፍታ ደግሞ 11 ሜትር ገደማ የከፍታ ስህተት ያመጣል። በአየር መግቢያው ቀዳዳ ላይ አቧራ መኖሩን ማየት ይገባል።

ኮምፓስ

የኮምፓስ ስህተት ከሌሎቹ ይልቅ አደገኛ ነው። ድሮኑ ቦታውን በጂፒኤስ በትክክል ቢያውቅም አፍንጫው ወዴት እንደዞረ ከተሳሳተ፣ ወደ ቦታው ለመመለስ የሚያደርገው እርማት ወደ ጎን ይወስደዋል። ውጤቱ እየሰፋ የሚሄድ ክብ ዙረት ነው፤ ካልተገታም ከቁጥጥር ውጪ ሊወጣ ይችላል። በዚህ ጊዜ ወደ መነሻ የመመለሻ ቁልፍን መጫን አያድንም፤ እርሱም የሚሠራው በዚያው በተሳሳተ ኮምፓስ ነው።

የምድር ማግኔታዊ መስክ ደካማ ነው፤ እንደየቦታው ከ25 እስከ 65 ማይክሮቴስላ ይደርሳል። ስለሆነም የኮንክሪት ውስጥ ፌሮ፣ የቆርቆሮ ጣሪያ፣ መኪና፣ በኪስ ያለ ስልክ በቀላሉ ያዛቡታል። ኮምፓስ የሚስተካከለው ከእነዚህ በራቀ ሜዳ ላይ ነው። ድሮኑ አግድም ብቻ ሳይሆን አፍንጫው ወደ ታች ሆኖም መዞር አለበት፤ አለዚያ ከሦስቱ የመለኪያ አቅጣጫዎች አንዱ ሳይመዘን ይቀራል።

የቦታ ለውጥም ከጊዜ ጋር ይደመራል። የአንዳንድ ዲጄአይ ሞዴሎች መመሪያ ድሮኑ ከ30 ቀን በላይ ካልበረረ ወይም ካለፈው የበረራ ቦታ ከ50 ኪሎሜትር በላይ ከራቀ ኮምፓሱ እንዲስተካከል ያዛል። ኢትዮጵያ ለዚህ ግልጽ ምሳሌ ናት። የማግኔት ወገብ የሚባለው፣ የምድር ማግኔታዊ መስክ ሳያዘነብል አግድም የሚሆንበት መስመር፣ በአገሪቱ ላይ ያልፋል። በአዲስ አበባ መስኩ 36 ማይክሮቴስላ ገደማ ሆኖ አግድም ለመሆን የቀረበ ነው፤ በዋሽንግተን ግን 50 ገደማ ደርሶ በኃይል ወደ መሬት ያዘነብላል። ከአሜሪካ መጥቶ ወራት የተቀመጠ ድሮን አዲስ አበባ ላይ ካሊብሬሽን ቢጠይቅ የሚጠበቅ ነው።

ፍተሻና ውሳኔ

ካሊብሬሽኑ ካለቀ በኋላ ድሮኑ ይጠፋና እንደገና ይበራል። ሞተር ሳይነሳ በእጅ ወደ አራቱ አቅጣጫዎች ዞሮ ንባቡ ከተራ ኮምፓስ ጋር ይመሳከራል። ፕሮፔለሮቹ ተመልሰው ከተገጠሙ በኋላ ሰው በሌለበት ሜዳ ላይ በ2 ወይም 3 ሜትር ከፍታ ለአንድ ደቂቃ ያህል ይንሳፈፋል። በአንድ ቦታ ከቆመ ሥራው ተሳክቷል። ክብ መዞር ከጀመረ ወዲያውኑ ይወርዳል።

ማስጠንቀቂያው በአንድ ቦታ ብቻ ታይቶ በሌላው ከጠፋ ምክንያቱ አካባቢው ነው። በተለያዩ ሜዳዎች ላይ በተደጋጋሚ ከታየ፣ ወይም ድሮኑ ሳይነቃነቅ ንባቡ ከዘለለ፣ ምክንያቱ የዳሳሹ ወይም የገመዱ ብልሽት ሊሆን ይችላል። ይህን ካሊብሬሽን አያስተካክለውም፤ ድሮኑ ተጠግኖ ዳግም እስኪፈተሽ ድረስ መብረር የለበትም።