ጨዋማው ምንጭ ወደ ወንዙ እንዳይገባ

ጨው በአገራችን ከጥንት ጀምሮ የተከበረ ነገር ነው። አሞሌ ተብሎ እንደ ገንዘብ አገልግሏል፤ ያለ እርሱም ወጥ አይጣፍጥም። ነገር ግን በድስት ውስጥ ወዳጅ የሆነው ጨው በእርሻ ላይ ብርቱ ጠላት ነው። ጨው ያለበት ውኃ በመስኖ ወደ ማሳ ሲገባ ውኃው ተንኖ ይሄዳል፤ ጨው ግን ከአፈሩ ጋራ ይቀራል። ይኸው በየዓመቱ ሲደራረብ የተክሉ ሥር በእርጥብ አፈር ውስጥ ሳለ ውኃ መሳብ ያቅተዋል። ገበሬው «አጠጣሁ» ሲል ሰብሉ በጥም ይደርቃል።

ወንዝ ይህን ጨው ከየት ያገኘዋል? ከፊሉ ከመስኖ ትራፊ የሚመጣ ነው፤ ከፊሉ ደግሞ በጥንት ዘመን ባሕር ደርቆ ከተወው የጨው ንጣፍ የሚነሣ ነው። በምድር ውስጥ የሚሄደው ውኃ ይህን ንጣፍ እያሟሟ በምንጭ መልክ ይወጣና ከወንዙ ጋራ ይቀላቀላል። ዛሬ ለአንባቢዎቻችን የምናቀርበው በአሜሪካ አገር መሐንዲሶች እንዲህ ያለውን ምንጭ ከወንዝ ለመለየት የሠሩባቸውን ሦስት ዘዴዎች ነው። የምንጠቅሳቸው ዓመታት በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

የመጀመሪያው ዘዴ ምንጩን በራሱ ውኃ መክደን ነው። በቴክሳስ ክፍለ ሀገር፥ ኤስቴሊን በምትባል ትንሽ ከተማ አጠገብ፥ ወደ ሬድ ሪቨር ወንዝ ብዙ ጨው የሚያፈስ ምንጭ ነበረ። በ1964 ዓ.ም. የጦር ሠራዊቱ መሐንዲሶች በምንጩ ዙሪያ ሦስት ሜትር ያህል ከፍታ ያለው ክብ የአፈር ግድብ ሠሩ። ውኃው በግድቡ ውስጥ ከፍ ባለ ጊዜ ክብደቱ የምንጩን ዓይን ተጫነው፤ ከታች የሚገፋውና ከላይ የሚጫነው ኃይል ሲመጣጠን ፍሰቱ ቀነሰ። ዘዴው ሞተርም ነዳጅም አይፈልግም። ሆኖም የሚጠቅመው ምንጩ አንድ ቦታ ላይ ሲፈልቅና የታፈነው ውኃ ሌላ መውጫ ሳያገኝ ሲቀር ብቻ ነው።

ሁለተኛው ዘዴ ጨዋማውን ውኃ ሰብስቦ ለፀሐይ መስጠት ነው። በዚያው በቴክሳስ፥ በሳውዝ ዊቺታ ወንዝ ላይ በአየር የሚነፋ የጎማ ግድብ ተሠርቷል። በበጋ ወንዙ ሲያንስ ጨው ስለሚበረታ ግድቡ ውኃውን ያቆመዋል፤ ፓምፕም በረጅም ቧንቧ እየገፋ ትረስኮት ወደተባለው የጨው ውኃ ሐይቅ ይወስደዋል። በዚያም ውኃው እየተነነ ጨው ይቀራል። ጎርፍ በመጣ ጊዜ ግን የጎማው አየር ይቀነስና ጎርፉ ያልፋል፤ የጎርፍ ውኃ ብዙ ስለ ሆነ ጨዉን ያቀጥነዋልና። ይህ ሥራ ከ1987 ዓ.ም. ጀምሮ አገልግሎት ሰጥቷል። ይሁን እንጂ ሰፊ መሬትና ደረቅ አየር ለሌለው አገር አይሆንም።

ሦስተኛው ከሁሉ የከበደው ነው። የኮሎራዶ ወንዝ ገባር የሆነው ዶሎረስ ፓራዶክስ የተባለውን ሸለቆ በቁመቱ ሳይሆን በወርዱ አቋርጦ ያልፋል። ከሸለቆው ሥር ያለው ውኃ ጨውነቱ ከባሕር ውኃ ሰባት እጥፍ ያህል ይሆናል። መሐንዲሶቹ በወንዙ ዳር ጉድጓዶች ቈፍረው ጨዋማውን ውኃ ወንዙ ሳይደርስ ይቀዱታል፤ ከዚያም ከአራት ኪሎ ሜትር በላይ ጥልቀት ባለው ሌላ ጉድጓድ በኃይል ገፍተው ወደ ዐለት ውስጥ ይመልሱታል። ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ በመደበኛነት ሲሠራ በየዓመቱ 100,000 ቶን ያህል ጨው ከወንዙ አስቀርቷል።

ነገር ግን ምድርም ዝም አላለችም። በግፊቱ ምክንያት በሺሕ የሚቈጠሩ ትንንሽ የመሬት መንቀጥቀጦች ተመዘገቡ፤ በመጋቢት 2019 ዓ.ም. ደግሞ መጠኑ 4.5 የሆነ ስለ ደረሰ ሥራው ቆመ። በ2022 ዓ.ም. የሚገፋው ውኃ መጠን ተቀንሶ እንደገና ተጀመረ።

ይህ ሁሉ ድካም ለምን አስፈለገ? መልሱ ከወንዙ ታች ነው። በ1944 ዓ.ም. አሜሪካና ሜክሲኮ በተዋዋሉት ውል ሜክሲኮ በየዓመቱ የምታገኘው የኮሎራዶ ውኃ ብዛት ተወስኖ ነበር፤ ስለ ጥራቱ ግን ግልጽ ቃል አልነበረበትም። በ1961 ዓ.ም. ከአሪዞና እርሻዎች የተጠረገ ጨዋማ ውኃ ወደ ወንዙ ሲለቀቅ የሜክሲካሊ ገበሬዎች ሰብል ተጐዳ፤ መንግሥታቸውም ተቃወመ። ክርክሩ እስከ 1973 ዓ.ም. ስምምነት ድረስ ዘለቀ። የፓራዶክስ ሥራም የተፈቀደው በ1974 ዓ.ም. በወጣው የወንዙን ጨው በሚመለከተው ሕግ ነው።

ነገሩ የሩቅ አገር ወሬ ብቻ አይደለም። በመተሐራ አጠገብ የሚገኘው በሰቃ ሐይቅ ከስድሳ ዓመታት በፊት ስፋቱ ሦስት ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነበር፤ ኋላ ግን ከአርባ በላይ ደረሰ። ውኃው ጨዋማ ነው። መንገዱንና እርሻውን እንዳይውጥ በቦይ ወደ አዋሽ ሲለቀቅ፥ ከታች ያለውን እንዳይጐዳ መጠኑን መወሰን ግድ ሆኗል።

በተረቱ ከላይ የሚጠጣው ጅብ ከታች የምትጠጣውን አህያ «ውኃዬን አደፈረስሽ» ቢላት «አያ ጅቦ፥ ሳታመካኝ ብላኝ» አለችው። የታችኛው የላይኛውን ውኃ ሊያበላሽ አይችልም፤ የላይኛው ግን የታችኛውን ይችላል። ጨውም በግድብም ሆነ በጉድጓድ ቦታ ይለውጣል እንጂ አይጠፋም። ስለዚህ ነገ በፕላን ላይ የሚፈርመው ወጣት መሐንዲስ ወይም ሹም «ጨዉን ከዚህ እናነሣለን» ሲባል አንድ ጥያቄ አይርሳ፤ ይኸውም «የምናስቀምጠው የት ነው? በዚያስ የሚኖረው ማን ነው?» የሚለው ነው።