ወገብ በያዘ ቁጥር ሉፑ አይወቀስ

ሉፕ ያስገባች ሴት ወገቧን ሲያማት በቤተሰቡ ዘንድ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ሉፑ ነው። ባል «አስወጪውና እንየው» ይላል፤ ጎረቤትም በዚሁ ትስማማለች። ጥርጣሬው ፈጽሞ መሠረት የለውም አንልም፤ ሉፕ ከገባ በኋላ ባሉት የመጀመሪያዎቹ ከ3 እስከ 6 ወራት የሆድ ቁርጠትና የወገብ ሕመም ሊያስከትል ይችላልና። ይሁን እንጂ ወገብን የሚይዝ፣ ብዙ ሰው ልብ የማይለው ሌላ ምክንያትም አለ።

ለክትፎ የሚሆን ሥጋ ሲዘጋጅ ከላዩ እየተገፈፈ የሚጣለውን ስስ ነጭ ሽፋን ሳታስተውሉ አልቀራችሁም። በእኛም ሰውነት ውስጥ ጡንቻን የሚያለብስ፣ አንዱን ጡንቻ ከሌላው የሚለይና መልሶ የሚያያይዝ ተመሳሳይ ሽፋን አለ። ሐኪሞች ፋሺያ ይሉታል። በወገብ ላይ ያለው በተለይ ወፍራምና ሰፊ ሲሆን የጀርባን፣ የመቀመጫንና የሆድን ጡንቻዎች ያስተሳስራል። ንብርብሮቹ በመካከላቸው ባለው አሙለጭላጭ ፈሳሽ አማካይነት አንዱ በሌላው ላይ ይንሸራተታሉ። ሰው ለረጅም ሰዓት ሳይንቀሳቀስ ሲቀር ወይም አጎንብሶ ሲውል ይህ መንሸራተት ሊቀንስና ወገብ ሊወጠር ይችላል። ሽፋኑ ብዙ ነርቭ ስላለው ደግሞ ሕመም ይሰማዋል።

በ2011 እ.ኤ.አ. አሜሪካዊቷ ሐኪም ሔለን ላንዠቨንና ባልደረቦቻቸው ወገባቸውን ለረጅም ጊዜ ያመማቸውን ሰዎች በአልትራሳውንድ ተመልክተው ነበር። የእነዚህ ሰዎች የወገብ ሽፋን መንሸራተት ከጤነኞቹ በ20 በመቶ ገደማ ያነሰ ሆኖ አገኙት። ይህ ማለት ግን ሕመሙን ያመጣው የሽፋኑ መወጠር ነው ማለት አይደለም፤ ሕመሙ ሰውየውን ከእንቅስቃሴ ስለከለከለው ሽፋኑ ደርቆም ሊሆን ይችላል።

የወለደች እናት ሁኔታ ከዚህ ይብሳል። በእርግዝና ጊዜ በሆድ መካከል ከላይ እስከ ታች የሚወርደው ሽፋን ይለጠጣል፤ ከወሊድ በኋላ እስኪሰበሰብ ወራት ይፈጃል። እናት ግን ያን ሁሉ ጊዜ ሕፃኑን ታዝላለች፣ ጎንበስ ብላ ልብስ ታጥባለች፣ አቀርቅራ ጡት ታጠባለች። ሆድ ሲላላ ሸክሙ ወደ ወገብ ይዞራል። ሉፕ የሚገባውም ብዙውን ጊዜ በዚሁ ሰሞን ስለሆነ ጥፋተኛው እርሱ ይመስላል። ቀኑን ሙሉ መሪ ይዞ የሚውል ሹፌርም እኮ ማታ ወገቡን ይዞ ነው የሚገባው፤ እርሱ ደግሞ ሉፕ የለውም!

ሌላ መከላከያ ሳይተካ ሉፑን ማስወጣት ያልታሰበ እርግዝና ሊያመጣ፣ የታመመውንም ወገብ በአዲስ ሸክም ሊያጎብጥ ይችላል። ስለዚህ አስቀድማችሁ ተመርመሩ፤ ብትችሉ ሁለታችሁም አብራችሁ ኑ። በምርመራው ሌላ በሽታ ካልተገኘ አልጋ ላይ መዋል አይበጅም። በየዕለቱ በእግር መሄድ፣ በየመሐሉ ከተቀመጡበት መነሳትና ሰውነትን ቀስ አድርጎ ማፍታታት ይጠቅማል። ማጠቢያ ሳፋውን ከመሬት አንስታችሁ ከፍ ያለ ነገር ላይ አስቀምጡት። ባልም ሕፃኑን ተቀብሎ ቢይዝ፣ ውኃውን ቢቀዳ ከማንኛውም ቅባት የተሻለ መድኃኒት ይሆናል። ለስለስ ያለ መታሸት ለጊዜው ያቀላል፤ ነፍሰ ጡር ግን ሆዷን ፈጽሞ መታሸት የለባትም።

ሕመሙ ከትኩሳት፣ መጥፎ ጠረን ካለው ፈሳሽ ወይም በግንኙነት ጊዜ ከሚሰማ ሕመም ጋር ከመጣ፣ ወይም የወር አበባ ቀርቶ ሆድ የሚያም ከሆነ በዚያው ዕለት ወደ ክሊኒክ ኑ። በጭን መካከል መደንዘዝ ካለ፣ እግር ከከዳ፣ ወይም ሽንትና ሰገራን መቆጣጠር ካቃተ ግን ሳትውሉ ሳታድሩ በቀጥታ ወደ ሆስፒታል ሂዱ።