ጭራቁና አጥንቱ

ስለ ሞተር ብስክሌት መጻፍ የምህንድስና ተማሪ ድርሻ ነው እንጂ እናንተ የአርትስ ፋኩልቲ ልጆች ምን አገባችሁ የሚለን ወዳጅ አይጠፋም። እኛም ጉዳዩን የያዝነው ስለ ፍጥነቱ ብለን አይደለም። ዱካቲ የሚባለው የኢጣልያ ፋብሪካ «ሞንስተር» ብሎ በሰየመው ሞተር ብስክሌት ምክንያት የተነሣው ክርክር፥ ይኸውም አንድ ነገር ክፍሎቹ ተራ በተራ ቢለወጡበት ያው ራሱ ነው ወይስ ሌላ ነው የሚለው፥ በፍልስፍና ትምህርት ከምንሰማው የማይለይ ሆኖ ስላገኘነው ነው። ዓመታቱን ሁሉ የምንጽፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

በ1980ዎቹ ዓመታት ፈጣን ሞተር ብስክሌት ማለት የፕላስቲክ ቅርፊት የለበሰ ማለት ነበር። ቅርፊቱ የመጣው ከእሽቅድምድም ሜዳ ሲሆን ጥቅሙ ነፋስን መክፈል ነው። በቦሎኛ የሚገኘው ዱካቲም በ1986 ማሲሞ ታምቡሪኒ የነደፈውን «ፓሶ» ሲያወጣ ሞተሩን ከላይ እስከ ታች ሸፍኖት ነበር። ገዢው የገዛውን ሞተር ማየት ቢያምረው መፍቻ መያዝ ነበረበት።

በቦነስ አይረስ የተወለደው ነዳፊ ሚጌል ጋሉዚ ይህን አሠራር ገለበጠው። በእሱ አሳብ ለሞተር ብስክሌት የሚያስፈልገው ኮርቻ፥ የቤንዚን ታንክ፥ ሞተር፥ መሪና ሁለት ጎማ ነው፤ የቀረው ትርፍ ነው። ዕቃውንም አዲስ አላሠራም። እንግዳ ድንገት ሲመጣባት ቤት ያፈራውን እንደምታቀርብ ባልቴት፥ ሻንሲውን ከ851 እና ከ888 ወገን፥ 904 ሲሲ የሆነውን ሞተር ደግሞ ከ900 ሱፐርስፖርት ወሰደ። የተሠራው ነገር በጥቅምት 1992 በጀርመን አገር በኮሎኝ ኤግዚቢሽን ታየ፤ በ1993 ለገበያ ወጣ። ኢጣልያኖች «ኢል ሞስትሮ» ይሉታል፤ እኛ ጭራቁ ብንለው ከትርጉሙ አንርቅም።

እንግዲህ ልብሱ ሲወልቅ ምን ታየ? ከሁሉ በፊት አጥንቱ። ሻንሲው ቀጫጭን የብረት ቧንቧዎች በሦስት ማዕዘን እየተበየዱ የተያያዙበት ነው። አራት ማዕዘን የሆነ ነገር ጎኑን ሲገፉት ይጋደማል፤ ሦስት ማዕዘን ግን አንዱ ጎኑ ካልታጠፈ ቅርጹን አይለቅም። የብረት ድልድይን ያየ ሰው ምሥጢሩን ያውቀዋል። በዚህ አጥንት መካከል ሁለቱ ሲሊንደሮች፥ አንዱ ወደ ፊት ተጋድሞ ሌላው ወደ ላይ ቆሞ፥ በ90 ዲግሪ ተቀምጠዋል። በላያቸው የተደረደሩት ስስ ክንፎች ሙቀቱን ለነፋስ ያስረክባሉ እንጂ ውሃም ራዲያተርም የለም።

ከውጭ የማይታይ አንድ ነገር ግን ነበረው። በተራ ሞተር ቫልቩን የሚከፍተው ካም ነው፤ የሚዘጋው ሞላ ነው። (ሞላ የሚለውን ቃል ጋራዦቻችን የተቀበሉት ከዚያው ከኢጣልያንኛ ነው።) ሞተሩ እጅግ ሲፈጥን ሞላው መልሶ ሳይገፋ ቀጣዩ ተራ ይደርስበታል፤ ቫልቩም በጊዜው አይዘጋም። መሐንዲሱ ፋቢዮ ታሊዮኒ በ1956፥ በ125 ሲሲ የእሽቅድምድም ሞተር ላይ፥ መዝጋቱንም ከሞላ ነጥቆ ለካም ሰጠው። ይህ ዴስሞድሮሚክ የሚባለው ዘዴ ከእሱ በፊት በሌሎች ዘንድ ነበረ፤ የዱካቲ መታወቂያ ያደረገው ግን እሱ ነው።

ጭራቁ ዘሩ በዛ። በ1994 ባለ 600፥ በ1996 ባለ 750 ወጣ። በ2005 ፋብሪካው ከሸጠው ከግማሽ የሚበልጠው ሞንስተር ነበር። በዚያው መጠን ለውጡም ገባ። በ2001 ኤስ 4 የተባለው የ916ን ሞተር ሲቀበል ራዲያተርና የውሃ ቱቦ ተንጠለጠሉበት፤ ለዓይን የሚያምር ነገር አልነበረም። በ2021 ደግሞ የቧንቧው ሻንሲ ቀረና በአሉሚኒየም ተተካ፤ አጥንቱ ብቻ 4.5 ኪሎ፥ ጠቅላላው ክብደት ከቀዳሚው 18 ኪሎ ቀነሰ። በ2024 ፋብሪካው ያስታወቀው 890 ሲሲ አዲስ ሞተር ቫልቩን የሚዘጋው በሞላ ነው፤ በ2025 የታየው ሞንስተርም የያዘው ይህንኑ ነው። ታሊዮኒ የነጠቀው ተመለሰ ማለት ነው።

ታዲያ የቀረው ሞንስተር ነውን? ስለ ሞላው አንከራከርም። ሞተሩ ከመጀመሪያውም የውሰት ነበር፤ በውሰት የመጣ ቢመለስ ባለቤቱ አይጎድልም። ስለ አጥንቱ ግን ከሚያጉረመርሙት ወገን ነን። ጋሉዚ ልብሱን ያስወለቀው የሚታይ ነገር ስለ ነበረ ነው። አሁን ሞተሩን ዙሪያውን ቢያዩት ዓይን የሚያርፍበት ያ የቧንቧ ሥራ የለም፤ ራቁት የሚለው ስም ብቻ ቀርቷል።

ይህን ጽሑፍ አስቀድመን ያሳየነው የምህንድስና ወዳጃችን አልተቀበለንም። 18 ኪሎ ማለት መንዳት ለሚማር ሰው፥ ሞተሩንም በቀጭን መተላለፊያ እየገፋ ለሚያስገባ፥ ከማናቸውም ውበት ይበልጣል ይላል። መልሱን ጽፎ እንዲያመጣ ለሚቀጥለው እትም አንድ ገጽ ትተንለታል።