ቤንዚን ሲሰጡት የሚያንገራግር ባጃጅ

ባለፈው ሐሙስ አንድ ወጣት ሾፌር የሚያንገራግር ባጃጁን ጅግጅጋ ባለው ጋራዣችን በር ላይ አቆመ። «አዴር (አጎቴ)፣ ሚኒሞ ላይ ሰላም ነው። ቤንዚን ስሰጠው ግን እንቅ ያደርገዋል። የካራማራ ዳገት ላይማ ጭራሽ እምቢ አለኝ» አለኝ። ሌላ ቦታ አሳይቶት ፒስተንና ፋሻ (የፒስተን ቀለበት) ይቀየር ተብሏል። ገንዘቡን ሊበደር ለዘመድ ሲደውል ነበር የደረስኩበት። ለባለንብረቱ የሚያስገባው የቀን ገቢ አለበት፤ ባጃጁ አንድ ቀን ከቆመ ቤቱ ይጎድላል።

ፒስተኑ ጤነኛ ነበር። ፋሻው ያለቀ ሞተር ይጨሳል፣ ዘይት ይበላል፣ ጉልበቱ ከጠዋት እስከ ማታ ደካማ ነው። ሚኒሞ ላይ ደህና እየሠራ ቤንዚን ሲሰጡት ብቻ የሚያንገራግር ከሆነ ግን አብዛኛውን ጊዜ ጣጣው ያለው ቤንዚኑ ወይም አየሩ ጋ ነው። ሞተር ከማስፈታታችሁ በፊት እነሱን አስፈትሹ፤ እለምናችኋለሁ።

እጀታውን ስንጠመዝዝ ካርቡራተሩ ይከፈታል። አየር ቀላል ስለሆነ ወዲያው ይገባል፣ ቤንዚን ግን ትንሽ ይዘገያል። ደህና ካርቡራተር ይህችን ክፍተት ይሸፍናታል። ቤንዚን የሚያልፍበት ቀጭን ቀዳዳ በቆሻሻ ከጠበበ ሞተሩ ለአፍታ ባዶ አየር ውጦ ይታነቃል።

እኔ ቁልፍ ከማንሳቴ በፊት አንድ ነገር እሞክራለሁ። ሞተሩ ሞቆ እያንገራገረ ሳለ ቾኩን በትንሹ እስባለሁ። ከተሻለው ቤንዚን አንሶታል። ያኔ ካርቡራተሩን፣ የቤንዚን ፊልትሮውንና ካርቡራተሩን ከሞተሩ ጋር የሚያገናኘውን ጎማ እፈትሻለሁ፤ ጎማው ከተሰነጠቀ ትርፍ አየር ይስባል። ከባሰበት ደግሞ ቤንዚን በዝቶበታል፣ ማለትም አየር አጥሮታል። ካንዴላውም ይናገራል፤ ጥቁር ጥቀርሻ ከለበሰ የአየር ፊልትሮውን ክፈቱ። ጅግጅጋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,600 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ የአየሩ ግፊት ከበርበራ ወደብ በአንድ ስድስተኛ ያህል ያንሳል። በዚያ ላይ አቧራ የጠጣ ፊልትሮ ሲጨመርበት ሞተሩ በምን ይተንፍስ?

የልጁ ባጃጅ ቾኩን ስስበው ተሻለው። ካርቡራተሩ ሥር ያለችውን ማፍሰሻ ብሎን ፈትቼ ቤንዚኑን በሻይ ብርጭቆ ተቀበልኩና ወደ ብርሃን ያዝኩት። ከላይ ቤንዚን፣ ከሥር ብርጭቆውን ስነቀንቀው እንደ ዶቃ የሚንከባለል ውሃ። ውሃ ከቤንዚን ስለሚከብድ ሁልጊዜ ከሥር ይቀመጣል፤ ሞተሩ የሚስበውም ከሥር ነው። «ቤንዚን ከየት ነው የምትቀዳው?» አልኩት። ማደያ ላይ ቤንዚን ሲጠፋ በጀሪካን ገዝቶ ያስቀምጣል። ጀሪካኑ ደግሞ ቤት ውስጥ ውሃ የሚቀዳበት ነው! በዚህ ከተማ ውሃውም ቤንዚኑም የሚጓዘው በዚያው ቢጫ ጀሪካን ነውና ልጁ ላይ አልፈረድኩም።

ሰልባትዮውን (የቤንዚን ታንኩን) አራግፈን አጠብነው፤ ካርቡራተሩን ፈትተን በኮምፕሬሰር ነፋነው። እባካችሁ ቤንዚን የሚያልፍባትን ቀጭን ቀዳዳ በሽቦ አትጎርጉሯት። አንዴ ከሰፋች የምትመጥነው ቤንዚን ይዛባል፣ መፍትሔውም መቀየር ብቻ ይሆናል።

ባጃጁ ጥቂት ከሄደ በኋላ ብቻ የሚንገዳገድባችሁ ደግሞ የሰልባትዮውን ክዳን ከፍታችሁ ስሙ። ፍሽሽ ብሎ አየር ከሳበና ሞተሩ ከተስተካከለ ክዳኑ ላይ ያለችው መተንፈሻ በአቧራ ተደፍናለች። ስንቱ በዚህች ቀዳዳ ምክንያት ካርቡራተር ገዝቷል! ቤንዚኑ ላምባ ተቀላቅሎበታል ብላችሁ ከጠረጠራችሁም ነጭ ወረቀት ላይ ጠብ አድርጉት። ንጹሕ ቤንዚን ተንኖ ይጠፋል፤ ላምባ የቅባት ምልክት ትቶ ይቀራል።

ከበርበራ ስለ ጀልባ ሞተር የጠየቅከኝ ወንድሜ፣ ያንተም ካርቡራተር ካለው ነገሩ አንድ ነው፤ የውሃው ፍተሻም እንደዚሁ። አንተ ግን የቤንዚን ቱቦው ላይ በእጅ የምትጨመቅ ጎማ አለችህ። ሞተሩ ሲያንገራግር ሌላ ሰው ይጭመቃት። ያኔ ከተስተካከለ የቤንዚን ፓምፑን ወይም ቱቦውን ጠርጥር።

ልጁ ዓርብ ጠዋት ተመልሶ መጣ። ባጃጁን አጥፍቶ ከኋላ ወንበር ሥር አንድ ጀሪካን አወጣና አሳየኝ። አድርቆታል፤ እናቱ ውሃ እንዳትቀዳበት በቀይ ቀለም በሶማሊኛ «ቤንዚን» ብሎ ጽፎበታል።